ምዕራፍ አምስት፦ በሳንቲም የቆመ ሱቅ

አንድ ዶላር ለመሰብሰብ መቶ ሕፃን ማስተናገድ የሚጠይቅ ንግድ አስቡ። ሕፃኑ ይገባል፤ አፍንጫውን ከመስታወቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል፤ ቀዩን ይመርጣል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ጥቁሩን አሳዩኝ ይላል፣ ተመልሶ ወደ ቀዩ ይመጣል። በእጁ ያለችው አንዲት ሳንቲም ናት። ሌላ ስለሌለው ምርጫው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ባለሱቁም ይህን ያውቃልና ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ሳንቲሟ ባንኮኒው ላይ ስታርፍ ከእሷ ላይ የጅምላ ነጋዴው ድርሻ ይነሣል፤ ለባለሱቁ የሚቀረው የሳንቲም ቁራሽ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ በኒውዮርክ፣ በቺካጎና በፊላዴልፊያ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኛ ቤተሰቦች ኪራይ የከፈሉትና ልጅ ያስተማሩት በዚህ ንግድ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ትርፍ ላይ የቤተሰብ ኑሮ እንዴት ይወጣል? ሒሳቡን ሠርቶ ላየው ሰው አይወጣም። የሚወጣው አንድ ወጪ ከሒሳቡ ውጭ ሲቀር ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ጉልበት ነው። የአባት፣ የእናትና የልጆች ሰዓት አይቆጠርም፣ አይከፈልበትም። እነዚህ ቤተሰቦች ለገበያ ያወጡት ትልቁ ሀብት ጊዜያቸው ነበር፤ ከረሜላው ጊዜያቸውን ወደ ገንዘብ የሚመነዝሩበት መንገድ ሆነላቸው።

ከረሜላ የድሃ ልጅ ዕቃ መሆኑ ራሱ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ስኳር ለብዙ ዘመን የሀብታም ማዕድ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግን አውሮፓ ከስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት)፣ ኩባ ከሸንኮራ አገዳ በብዛት ማምረት ያዙ፤ በአሜሪካ ወደቦች ዳር ግዙፍ ማጣሪያዎች ተሠሩ፤ ዋጋው ወረደ። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ግሉኮስም ከስኳሩ ጋር እየተቀላቀለ ከረሜላውን ይበልጥ አረከሰው። በእንፋሎት የሚሞቁ ድስቶችና ከረሜላውን በቅርጽ የሚያወጡ ማሽኖች ሲጨመሩ አንድ ፋብሪካ በቀን የሚያወጣው ብዛት የእጅ ባለሙያ ሊገምተው ከሚችለው በላይ ሆነ። ሚልተን ኸርሺ በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ያያቸውን የጀርመን የቸኮሌት ማሽኖች ገዝቶ በ1900 የወተት ቸኮሌቱን ለገበያ አቀረበ። የዚያ ቸኮሌት የአምስት ሳንቲም ዋጋ እስከ 1969 ድረስ አልተነካም። ሚዛኑ ግን በየጊዜው ወጣ፣ ወረደ።

ይህ የሚዛን ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአንድ ሳንቲም ዕቃ ዋጋ ሊጨምር አይችልም፤ ከአንድ ሳንቲም ቀጥሎ ያለው ሁለት ሳንቲም ነው፣ ያም እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ስኳር ሲወደድ የሚያንሰው ከረሜላው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በግንቦት 1920፣ የኩባ ጥሬ ስኳር በፓውንድ ከ22 ሳንቲም በላይ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከአራት ሳንቲም በታች ወረደ። እንዲህ ያለው መናወጥ ባንኮችንና ትላልቅ የስኳር ኩባንያዎችን ጥሏል። የሰፈሩ ባለሱቅ ግን ትልቅ ክምችት የሚይዝበት አቅም ስላልነበረው ዕቃውን የሚያመጣው በትንሽ በትንሹ፣ በካርቶን በካርቶን ነበር። ድህነቱ በዚያ ዓመት ጠበቀው።

በኒውዮርክ የዚህ ሱቅ ባለቤት በአብዛኛው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ አይሁዳዊ ነበር። ከ1881 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት ሁለት ሚሊዮን ያህል የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል፤ እጅግ ብዙዎቹም ያረፉት በዚያች ከተማ ነው። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የገባው ወደ ልብስ ስፌት ነበር። ስፌቱ ግን ወቅት አለው፤ ሥራ ሲጠፋ ደመወዝ ይጠፋል፤ ዐይን ይደክማል፣ ሳንባ ይታመማል። በዕድሜ የገፋ ወይም ለአለቃ መታዘዝ የሰለቸው ሰው ዞር ሲል የሚያየው ወይ ሱቅ በደረቴ መሆንን ወይም ጋሪ መግፋትን ነው፤ ጥቂት ካጠራቀመ ደግሞ ከረሜላ ቤት መክፈትን።

ከረሜላ ቤት ለመክፈት ሙያ አያሻም። ዳቦ ጋጋሪው መጋገር፣ ሥጋ ሻጩ መበለት መቻል አለበት፤ ከረሜላ ግን ተሠርቶ ይመጣል። እንግሊዝኛውም ቢሆን ቁጥር ከማወቅ ብዙም አይርቅም፤ ሕፃን በጣቱ ያሳያል። ከሱቁ ጀርባ ወይም ከላዩ መኖሪያ ክፍል ስላለ የቤትና የሱቅ ኪራይ አንድ ይሆናል። የጎደለውን መነሻ ገንዘብ የአገር ልጆች ማኅበራት ያሟላሉ። በ1892 በኒውዮርክ የተቋቋመው ሂብሩ ፍሪ ሎን ሶሳይቲ በ95 ዶላር ተነሥቶ ያለ ወለድ ያበድር ጀመር፤ ተበዳሪው የሚጠየቀው ዋስ ማቅረብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ብድሮች ከ5 እስከ 25 ዶላር ነበሩ። የኦሪት ሕግ ከወንድም ወለድ መቀበልን ስለሚከለክል ማኅበሩ ይህን እንደ ሃይማኖታዊ ግዴታ ያየው ነበር።

ሱቁ ከረሜላ ቤት ተብሎ ይጠራ እንጂ የሚሸጠው ብዙ ነው። ሲጋራ አለ፤ ሙሉ ፓኬት መግዛት ለማይችል ደግሞ በፍሬ ይሸጣል። ጋዜጣ አለ፤ ከእንግሊዝኛዎቹ ጎን በይዲሽ የሚታተመው ፎርቨርትስ አለ። ሶዳ ውሃ ከቧንቧ ይቀዳል፤ ሽሮፕ የሌለበት ብርጭቆ ሁለት ሳንቲም ነው። ወተት፣ የቸኮሌት ሽሮፕና ሶዳ ተመትቶ የሚቀርበው ኤግ ክሬም የተወለደው በእነዚሁ ባንኮኒዎች ላይ ነው፤ ስሙ እንቁላልና ክሬም ቢልም ሁለቱም የሉበትም። ፈጣሪው እኔ ነኝ፣ አባቴ ነው፣ አያቴ ነው የሚሉ ቤተሰቦች ዛሬም ይከራከራሉ።

ይህ የዕቃ ስብስብ ዝም ብሎ የተጠራቀመ አይመስለኝም። የኒውዮርክ ግዛት የሰንበት ሕግ እሑድ ንግድ እንዲዘጋ ያዝዝ ነበር፤ ከክልከላው ውጭ ያደረጋቸው ጥቂት ነገሮች ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ከረሜላ፣ ሶዳ ውሃ፣ ትምባሆ፣ ፍራፍሬና ጋዜጣ ይገኛሉ። የከረሜላ ቤቱን መደርደሪያ በዐይነ ኅሊናችሁ ብታዩት ሕጉ ራሱ የደረደረው ይመስላል። ልብስ ሻጩ እሑድ ሲዘጋ ከረሜላ ቤቱ ክፍት ነው። ቅዳሜን ማክበር የሚሻው አይሁዳዊ ግን እዚህ ላይ ይፈተናል፤ ቅዳሜ ልጆች ከትምህርት ነጻ የሚሆኑበት፣ ሥራ የሚደምቅበት ቀን ነው። ብዙ ባለሱቆች ከፈቱ። አያቶቻቸው በፍጹም የማያደርጉትን አደረጉ፤ በልባቸው የተሸከሙት ነገር በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም።

ከእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ኑሮውን በዝርዝር የምናውቀው የአንዱን ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ስለ ራሱ ብዙ የጻፈ ደራሲ ስለሆነ። ይሁዳ አሲሞቭና ባለቤታቸው አና ራሔል በሩሲያ ስሞሌንስክ አካባቢ ከምትገኝ ፔትሮቪቺ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነሥተው፣ ሦስት ዓመት የሆነውን ይስሐቅንና ታናሽ እኅቱን ይዘው በየካቲት 1923 ኒውዮርክ ደረሱ። ሰነድ ፈርሞ ያስመጣቸው ቀድሞ የሄደው የእናትየው ወንድም ነበር። ይሁዳ በአገራቸው የተማሩና የተከበሩ ሰው ነበሩ። በብሩክሊን ግን ያ ሁሉ ትምህርት በይዲሽ፣ በዕብራይስጥና በሩሲያኛ ተዘግቶ ቀረ፤ ያገኙትን ሁሉ ሠሩ። በ1926 ያጠራቀሙትን አውጥተው የመጀመሪያዋን ከረሜላ ቤት ገዙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቤተሰቡ በዚያው በብሩክሊን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ከዚህ ሥራ አልወጣም።

ሱቁ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ የሚዘጋው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። በሳምንት ሰባት ቀን። ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ በቀን አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በሳምንት አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ማለዳ ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ጋዜጣና ሲጋራ ይፈልጋል፤ ሌሊት ከሲኒማ የሚመለሰው ሶዳ ይጠጣል። በመሐል ባሉት ሰዓታት ሱቁ ቢዘጋ የሚቀረው ገቢ ትንሽ ነው፤ የቤተሰቡ ትርፍ ግን ያቺው ትንሿ ነበረች። ባልና ሚስት ተራ እየገቡ ይበላሉ፣ ተራ እየገቡ ይተኛሉ። አንድ ማዕድ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1929 እናትየው ሦስተኛውን ልጅ አርግዘው ሳለ የዘጠኝ ዓመቱ ይስሐቅ ተራ ገባ። ማለዳ ጋዜጣ ያድላል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባንኮኒው ኋላ ይቆማል። ሰነፍ መባልን የመሰለ ስድብ በዚያ ቤት አልነበረም።

አባትና ልጅ የተጋጩት በመጽሔት ነው። ሱቁ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ የልብ ወለድ መጽሔቶችን ይሸጣል፤ ሽፋናቸው በጭራቅና በሽጉጥ የተሞላ ነው። ልጁ ማንበብን ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ራሱን ያስተማረ ስለሆነ ዐይኑ ከመደርደሪያው አልነቀል አለ። አባት ከለከሉ። ለደንበኛ ልጅ የሚሸጡትን ለራሳቸው ልጅ አልፈቀዱም፤ ይህ ግብዝነት አልነበረም፣ አገር ጥለው የመጡለትን ነገር መጠበቅ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጥተውለት ነበር፤ ንባብ ከፈለገ ከዚያ ያምጣ። በ1929 ግን ሳይንስ ዋንደር ስቶሪስ የተባለ አዲስ መጽሔት መጣ። ልጁ ስሙ ላይ ሳይንስ የሚል ቃል አለ ብሎ ተከራከረ፤ አባቱም በዚያች ቃል ተረቱ። የመጽሔቱ አሳታሚ ሁጎ ጌርንስባክ ራሱ ከሉክሰምበርግ የመጣ ስደተኛ ነበር።

ሌላ ግዴታም ነበር። መጽሔቱ የሱቁ ዕቃ ነውና ከተነበበ በኋላ ይሸጣል፤ ካልተሸጠ ለአከፋፋዩ ይመለሳል። ስለዚህ ልጁ ያልተነካ እስኪመስል ድረስ ሳያጥፍ፣ ሳያቆሽሽ ያነብና ወደ ቦታው ይመልሳል። ቤተሰቡ ሊገዛለት የማይችለውን ሁሉ በዚህ መንገድ አነበበ። በ1938 መጨረሻ የመጀመሪያ ታሪኩን ለአሜዚንግ ስቶሪስ ሲሸጥ የተከፈለው 64 ዶላር ነው፤ ያ መጽሔት በራሳቸው መደርደሪያ ላይ የሚሰቀል ነበር። በሳንቲም ሒሳብ ያደገ ልጅ ለዚህ ገንዘብ ምን ያህል ከረሜላ መሸጥ እንደሚጠይቅ ሳይነገረው ያውቃል።

ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ ሥራ ላይ ማቆም ዛሬ ደስ የማይል ነገር ነው። በዚያ ዘመንም የማኅበራዊ ለውጥ አራማጆች ተቃውመውታል፤ ተቃውሟቸውም ልክ ነበር። ሉዊስ ሃይን በ1911 አካባቢ በኒውዮርክ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ትንንሽ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ጠረጴዛ ከበው ለገበያ የሚሆን ለውዝ ሲፈለቅቁ ይታያሉ። ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር የባለሱቁ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ቢያንስ የሚሠራው ለወላጆቹ ነው፣ መሐል መሐል ላይ የቤት ሥራውን ይሠራል። የጣፋጩ ንግድ ከላይ የሚታየው ባለሱቁ ቢሆንም ከሥሩ ከባለሱቁም የባሰ ድሃ ነበረ።

ሌላው የተቆርቋሪዎች ስጋት መርዝ ነበር። ቀለሙ ደማቅ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ከረሜላ ውስጥ ምን ይገባል? ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ክብደት ለመጨመር ነጭ አፈር፣ ለማቅለም ክሮም ቢጫ የሚጨምሩ አምራቾች ነበሩ። በ1906 የወጣው የፌዴራል የምግብና የመድኃኒት ሕግ ስለ ከረሜላ ለብቻው አንቀጽ አስገብቶ እነዚህን በስማቸው ከለከለ። በሕዝቡ አፍ ላይ ግን ጥፋቱ ከፋብሪካው ይልቅ በሰፈሩ ሱቅና በባለቤቱ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ አነጋገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ዕቃው ሁሉ ይጠረጠራል።

የሰፈሩ ሰው ግን ሱቁን የሚያውቀው በሌላ ነው፤ በስልኩ። ቤቱ ስልክ ያለው ጥቂት ሰው በመሆኑ ከረሜላ ቤቱ ያለው የሕዝብ ስልክ የመንገዱ ሁሉ ስልክ ሆነ። ሲደወል አንድ ልጅ ሮጦ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ተጠሪዋን ይጠራል፤ እሷም አንድ ሁለት ሳንቲም ትሰጠዋለች፤ ሳንቲሟ ወዲያው ባንኮኒው ላይ ተመልሳ ታርፋለች። ባለሱቁ ማን ሥራ እንዳገኘ፣ ማን እንደታጨች፣ የማን ሰው ሆስፒታል እንደገባ ይሰማል። ማታ ማታ ወጣቶች በሩ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጠባብ ቤታቸው ውስጥ እንግዳ መቀበያ የላቸውም። መጥፎውም በዚሁ በር ይገባል። በ1930ዎቹ ብራውንስቪል ውስጥ፣ ሳራቶጋና ሊቮኒያ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትከፈት ሚድናይት ሮዝ የምትባል ከረሜላ ቤት ነበረች፤ ጋዜጦች መርደር ኢንኮርፖሬትድ ብለው የሰየሟቸው ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳዮች ትእዛዝ የሚጠብቁት በእሷ ስልክ ነበር።

በቺካጎ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። እዚያ ከረሜላ የግሪኮች ነበር። ከስፓርታ አካባቢ የሄደው ክሪስቶስ ጻኮናስ በ1873 አሜሪካ ደረሰ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የአገሩን ልጆች ይዞ ተመለሰ፤ እነሱ ሌሎችን ጠሩ። በ1893 የግሪክ ዋና የውጭ ንግድ የነበረው ዘቢብ ገበያ ሲወድቅ ከፔሎፖኔዝ መንደሮች ጎርፍ ተነሣ። አመጣጣቸው ግን ከአይሁዳውያኑ ይለያል፤ አይሁዳውያኑ በቤተሰብ መጡ፣ ግሪኮቹ በአብዛኛው ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ ያልተከፈለው ጉልበት የወንድምና የአክስት ልጅ ጉልበት ሆነ። ታዳጊው ከመንደሩ መጥቶ ዘመዱ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ያድራል፣ ጫማ ይጠርጋል ወይም ፍራፍሬ በጋሪ ይሸጣል፣ ከዚያ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ስኳር መቀቀል ይማራል። ግሪኮቹ ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ብቻ አልሸጡም፤ ቸኮሌትና አይስክሬሙን ራሳቸው ያዘጋጁ ነበርና ሱቃቸው የእጅ ሙያ ቤት ጭምር ነበረች። የአልኮል ክልከላው በ1920 ሲጀምር ጠጅ ቤቶቹ ተዘግተው ሰው ወደ አይስክሬም ጠረጴዛ ዞረ፤ ለእነሱ መልካም ዘመን ነበር።

መልካም ዘመን ማለት ግን ሰላም ማለት አልነበረም። በየካቲት 1909 በነብራስካ ሳውዝ ኦማሃ፣ አንድ ፖሊስ በግሪክ ስደተኛ መገደሉን ተከትሎ የተነሣው ሕዝብ የግሪኮችን ሰፈር አጠቃ፤ ሱቆች ተሰባበሩ፣ ነዋሪዎቹ ከተማውን ለቀው ሸሹ። ለዓመታት በሳንቲም የተጠራቀመ መስታወት በአንድ ቀን አለቀ። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የግሪክን ኮታ በዓመት ወደ 100 ሰው አወረደው። ከመንደር ልጅ አስመጥቶ ጓዳ ማሳደር አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ባንኮኒው ኋላ የቆመው አሜሪካ የተወለደው የራስ ልጅ ነበር።

ያም ልጅ ብዙም አልቆየም። በብሩክሊንም ይስሐቅ አሲሞቭ በ15 ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ1948 በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ፤ ወንድሙ ስታንሊ ጋዜጠኛ ሆኖ በኒውስዴይ ጋዜጣ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሰ። ባንኮኒውን የወረሰ አልነበረም፤ አባትየውም እንዲወርሱት አልደከሙም። ሱቁ የተከፈተው ልጆቹ ከሱቅ እንዲወጡ ነውና ባዶ መቅረቱ ለዚህ ቤተሰብ ድል ነበር። ከሱቁ የወጣው ግን ሰዓቱ ነው። ይስሐቅ ዕድሜውን ሙሉ ገና በማለዳ እየተነሣ፣ በዓል ሳይለይ ሲጽፍ ኖሮ ወደ 500 የሚጠጉ መጻሕፍት ደረሰ፤ ልማዱ ከከረሜላ ቤቱ እንደመጣም ራሱ ይናገር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስልክ በየቤቱ ገባ፣ ቴሌቪዥን ወጣቱን ከበር ላይ አነሣ፣ ቤተሰቦች ወደ ከተማ ዳርቻ ሄዱ፣ ሱፐርማርኬት ከረሜላውን በፓኬት አቀረበ። አብዛኞቹ ሱቆች የተዘጉት ያን ጊዜ ነው።

ጥቂቶች ግን በሌላ መንገድ ወጡ። በቺካጎ ሊዮ ስቴፋኖስ የተባለ ግሪክ አሜሪካዊ በ1939 በከፈተው ሱቅ፣ በ1956 በወፍራም ቸኮሌት የተሸፈነ አይስክሬም ሠራ፤ ዶቭ ባር የተባለውን። ለሥራው ምክንያት የሆነው ልጁ የአይስክሬም መኪና እያባረረ አውራ ጎዳና ላይ መሮጡ ነበር፤ ማርስ ኩባንያ በ1986 ገዛው። ከሩሲያ በ1910 የመጣው ሳሙኤል ቦርን ሎሊፖፕ ላይ እንጨቱን በራሱ የሚሰካ ማሽን ፈለሰፈ፤ እስከዚያ ድረስ ያ ሥራ የእጅ ሥራ፣ የብዙ ሰው ሰዓት ነበር። በ1923 በብሩክሊን ሱቅ ከፍቶ በየቀኑ ትኩስ የተሠራውን መስኮቱ ላይ ደረደረ፤ በ1932 ፋብሪካውን ወደ ፔንስልቬንያ ቤተልሔም አዛወረ። በዚያው ግዛት፣ በፊላዴልፊያ፣ ከሮማንያ የመጣው ዴቪድ ጎልደንበርግ በ1890 የጣፋጭ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች ስንቅ የተሠራው የለውዝ ከረሜላው፣ ፒናት ቹውስ፣ ከጦርነቱ በኋላ በየሲኒማ ቤቱና በየሰፈሩ ሱቅ ተሸጠ። ቤተሰቡ ድርጅቱን በ2003 ሸጠ፤ ገዢው እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዘሮቹ እጅ የቆየው የሳሙኤል ቦርን ኩባንያ ነበር።